ጨለማውን ሳያባርሩ

በፎቶግራፍ ሙያ «ሎው ኪ» የሚባለው አብዛኛው ክፍሉ በጥላ የተያዘ፣ ብርሃን የሚያርፍበት ቦታ ደግሞ ጥቂትና ተመርጦ የተተወ ምስል ነው። የጨለመ ፎቶ ሁሉ ሎው ኪ አይደለም። በስሕተት ብርሃን አሳንሶ ያነሳ ሰው የሚያገኘው ምስል ከዳር እስከ ዳር የደበዘዘ ነው፤ ነጭ የሚባል ነገር የለውም፣ ጥቁሩም ቢሆን አመድማ ነው። በሎው ኪ ምስል ግን የአንድ ሐውልት ትከሻ፣ የአንድ ወርቅ ቅብ ክፈፍ ጠርዝ ወይም ወለል ላይ የወደቀ የመስኮት ብርሃን ሙሉ ድምቀቱን ይዞ ይቀመጣል። ጨለማው ክብደት የሚያገኘውም ከዚያች ድምቀት ጋር ሲተያይ ነው።

እንዲህ ያለው አነሳስ ለሰው ፊትም ለዕቃም ይሠራል፤ ከሁሉ ይልቅ የሚስማማው ግን ትናንት መኖሪያ፣ ዛሬ ሙዚየም ለሆኑ ታሪካዊ ክፍሎች ነው። ምክንያቱ ከውበት በፊት የታሪክ ነው። ኤሌክትሪክ ሳይመጣ የተሠራ ሳሎን የታሰበው ለመስኮት፣ ለእሳት ምድጃና ለሻማ ነው። የግድግዳው ቀለም፣ የክፈፎቹ ወርቅ፣ የመስተዋቶቹ አቀማመጥ ያንን ጥቂት ብርሃን ይዞ ለማባዛት የተመረጠ ነው። ጥግ ጥጉን ሁሉ በኃይለኛ መብራት አጥለቅልቆ የሚያነሳ ሰው ዕቃዎቹን በትክክል ያሳያል፤ ክፍሉን ግን የሚያሳየው የሠራው ሰው አይቶት በማያውቀው መልክ ነው።

ለዚህ ከለንደኑ የሰር ጆን ሶን ሙዚየም የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። ሶን የጡብ ግንበኛ ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1753 ተወልዶ በ1837 እስኪሞት ድረስ የአገሩ ስመ ጥር አርክቴክት ሆኗል፤ የእንግሊዝ ባንክን ሕንፃ ለ45 ዓመት ያህል የነደፈውና ያስፋፋው እሱ ነው። ሊንከንስ ኢን ፊልድስ በሚባለው አደባባይ ዳር ቁጥር 12፣ 13 እና 14 የሆኑትን ሦስት ቤቶች እየገዛና እያፈረሰ፣ እንደገና እየሠራ መኖሪያውን፣ ቢሮውንና የሰበሰባቸውን ቅርሶች በአንድ ጣራ ሥር አደረገ። በ1833 ፓርላማው ባወጣው ሕግ መሠረት ከሞተ በኋላ ቤቱ በተቻለ መጠን እሱ እንደተወው እንዲጠበቅ ተደነገገ። ስለዚህ ጎብኚ ዛሬ የሚያየው ዕቃዎቹን ብቻ አይደለም፤ ዕቃዎቹ በምን ብርሃን እንዲታዩ ሶን እንደፈለገም ጭምር ነው።

ሶን በብርሃን የሚሠራው ሌላው ሰው በድንጋይ እንደሚሠራው ነበር። «ምሥጢራዊ ብርሃን» የሚለውን አነጋገር ከፈረንሳይ አርክቴክቶች ወስዶ በትምህርቶቹ ይጠቀምበት ነበር። በቁርስ ክፍሉ ጣራው እንደ ጃንጥላ ተንጠልጥሎ ከግድግዳው ይርቃል፤ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ሳይታይ በሁለቱ ጎን ከተሸሸጉ የጣራ መስኮቶች ይወርዳል። በዚሁ ጣራ ማዕዘኖች የተሰኩ ጉብ ያሉ ክብ መስተዋቶች መላውን ክፍል በትንሹ ይዘው ይመልሱታል። በሌሎቹ ክፍሎች ጣራ ላይ ቢጫ መስታወት አስገብቷል። ለንደን ጭስና ደመና የማይለያት ከተማ ነበረች፤ በዚያ ቢጫ መስታወት ያለፈ ግራጫ ቀን ከሰዓት በኋላ የሜዲትራኒያን ፀሐይ መስሎ በዕብነ በረዱ ላይ ይወድቃል።

የቤቱ ልብ ጉልላቱ ነው። ከላይ በመስታወት የተሸፈነው ጉድጓድ መሰል ክፍት ሦስት ደረጃ ይወርዳል፤ ዙሪያውን ሐውልቶች፣ የአመድ ማሰሮዎችና የፍርስራሽ ስብርባሪዎች ተደርድረዋል። ከታች፣ ምድር ቤት፣ የግብፁ ፈርዖን የቀዳማዊ ሴቲ የአልባስጥሮስ ሬሳ ሣጥን አለ። ጣሊያናዊው ጆቫኒ ቤልዞኒ እ.ኤ.አ. በ1817 በነገሥታት ሸለቆ ያገኘውን ይህን ሣጥን ብሪቲሽ ሙዚየም ዋጋው በዛብኝ ብሎ ሲተወው ሶን በ1824 በ2,000 ፓውንድ ገዛው። በሚቀጥለው ዓመት በመጋቢት ሦስት ምሽት ግብዣ አድርጎ ወደ 900 የሚጠጉ እንግዶችን ጠራ፤ ሣጥኑን ያሳያቸው በቀን አልነበረም፤ በሻማና በዘይት መብራት እንጂ። አልባስጥሮስ ብርሃን ያሳልፋል። ውስጡ መብራት ሲቀመጥ ድንጋዩ ራሱ እንደ ፋኖስ ይቀላል። ሙዚየሙ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በሻማ የሚጎበኝባቸው ምሽቶችን ሲያዘጋጅ የኖረው ይህንኑ ልማድ ይዞ ነው።

ፎቶግራፍ ሳይፈለሰፍ እንኳ የዚህ ቤት ሎው ኪ ምስል ነበረ። የሶን ሠዓሊ ጆሴፍ ጋንዲ በ1811 ጉልላቱን በመብራት ብርሃን አድርጎ በውሃ ቀለም ሥሎታል። ግማሹ ነገር በጥላ ውስጥ ቀርቷል፤ የተቀረው ከጨለማ እየወጣ ያለ ይመስላል። ጋንዲም ቢሆን ከባዶ አልተነሳም፤ ካራቫጆ፣ ሬምብራንትና ፈረንሳዊው የሻማ ሠዓሊ ዦርዥ ደ ላ ቱር በ17ኛው መቶ ዓመት ያደረሱት ጥበብ ነበረለት። ዛሬ ፎቶ አንሺዎች ሎው ኪ የሚሉት ጣሊያኖቹ «ክያሮስኩሮ»፣ ማለትም ብርሃን ጨለማ፣ ይሉት የነበረውን ነው።

ካሜራ ወደ ጨለማ ክፍል ሲገባ መጀመሪያ የገጠመው ችግር ትዕግሥት ነበር። በፈረንሳይ ናዳር የሚባለው ፎቶ አንሺ እ.ኤ.አ. በ1861 ከፓሪስ ሥር ወዳለው የአፅም ዋሻ ወርዶ በባትሪ ኃይል በሚሠራ የኤሌክትሪክ መብራት ምስል አንስቷል። አንዱ ምስል እስከ 18 ደቂቃ ይፈጅ ስለነበር ያን ያህል ጊዜ ሳይንቀሳቀስ የሚቆም ሰው አልተገኘም፤ ናዳር ሠራተኛ አስመስሎ ልብስ ያለበሳቸውን አሻንጉሊቶች አቆመ። በምስሉ ላይ የአፅም ጋሪ የሚገፋው «ሠራተኛ» ሕይወት የለውም።

ከእሱ በተቃራኒ የቆመው እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ኤቫንስ ነው። የመጽሐፍ ነጋዴ ነበር፤ ሱቁን ትቶ ካቴድራሎችን ማንሳት ያዘ። ሰው ሠራሽ መብራት አልተጠቀመም። ብርሃኑ በየሰዓቱ የት እንደሚያርፍ እያጠና በአንድ ሕንፃ ውስጥ ቀናት ይቆያል፤ ወንበሮች እንዲነሡለት ያስፈቅድ ነበር። በ1903 በዌልስ ካቴድራል ያነሳው የደረጃ ምስል፣ በእግር ብዛት የተቦረቦሩት የድንጋይ እርከኖች እንደ ማዕበል ወደ ላይ ሲወጡ የሚያሳየው፣ እስከ ዛሬ የሙያው ማስተማሪያ ነው። የሚያትመው በፕላቲነም ወረቀት ነበር፤ ይህ ወረቀት በጥላ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ልዩነቶችን እንደሌላው አይውጥም። የፕላቲነም ዋጋ ሲሰቀልና ወረቀቱ ሲጠፋ ኤቫንስ ፎቶግራፉን ተወው ይባላል፤ ጥላው የሚሞትበት ወረቀት ለእሱ ወረቀት አልነበረም።

ቼኩ ዮሴፍ ሱዴክም በዚሁ መስመር ይመደባል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቀኝ እጁን ያጣው ይህ ሰው በ1920ዎቹ በፕራግ የቅዱስ ቪተስ ካቴድራል የማጠናቀቂያ ግንባታ ሲካሄድ የሠራተኞቹን አካፋና ገመድ፣ አቧራና የፀሐይ ጨረር በአንድ ላይ አነሳ። በኋላ ዘመን ረዳቱ የነበረች ሴት እንደተረከችው፣ አንድ ጊዜ ከካቴድራሉ ሥር ባለ ጥንታዊ አዳራሽ የፀሐይ ዘንግ ሲገባ ሁለቱም ጨርቅ እያራገቡ የዘመናት አቧራ አስነሥተዋል፤ ጨረሩ እንዲታይ። ብርሃን በአየር ላይ የሚታየው የሚያርፍበት ነገር ሲያገኝ ብቻ ስለሆነ ዘዴው ትክክል ነበር። ዛሬ በሙዚየም ውስጥ ይህን የሚሞክር ሰው በቅርስ ጠባቂዎች ታጅቦ ይወጣል።

የዛሬው ፎቶ አንሺ 18 ደቂቃ አይጠብቅም። ብርሃኑ ግን ያው ትንሽ ነው፤ እንዲያውም ሆን ተብሎ የተቀነሰ ነው። ብራና፣ ወረቀት፣ ጨርቃ ጨርቅና የውሃ ቀለም ሥዕል በብርሃን ይደበዝዛሉ፤ የደበዘዘ ደግሞ አይመለስም። በዚህ ምክንያት ሙዚየሞች ለእነዚህ ዕቃዎች የሚፈቅዱት ብርሃን፣ ሉክስ በሚባለው የብርሃን መለኪያ፣ አብዛኛውን ጊዜ 50 ሉክስ ገደማ ነው፤ ለዘይት ቀለም ሥዕል እስከ 200 ሉክስ ይደርሳል። ለንጽጽር፣ አንድ ሻማ በአንድ ሜትር ርቀት ላይ የሚሰጠው 1 ሉክስ ያህል ሲሆን፣ ደህና መብራት ያለው ቢሮ ከ300 እስከ 500፣ የቀትር ፀሐይ ደግሞ ወደ 100,000 ሉክስ ይጠጋል። ሰው ከደጅ ሲገባ ለአፍታ የሚታወረው ያለ ነገር አይደለም። ዓይን ጨለማን ሙሉ በሙሉ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ገና ከበሩ ካሜራውን የሚያነሳ ሰው ሊያነሳው የመጣውን ክፍል ገና አላየውም።

50 ሉክስ በካሜራ ቋንቋ ሲተረጎም ይህን ይመስላል። የካሜራው የብርሃን ትብነት (አይኤስኦ) 100፣ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 8 ላይ ቢሆን የብርሃን መዝጊያው (ሹተሩ) ወደ 3 ሰከንድ ክፍት መቆየት አለበት። በአንድ ሻማ ብቻ በበራ ጥግ ይኸው ምስል ከሁለት ደቂቃ ተኩል በላይ ይጠይቃል። ካሜራው በባለ ሦስት እግር መቆሚያ (ትራይፖድ) ላይ ካረፈ ሁለቱም ይቻላሉ፤ ግድግዳና ወንበር አይንቀሳቀስም። በእጅ ለማንሳት ግን ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 2.8 ማስፋት፣ አይኤስኦውን ወደ 3200 ማውጣት ግድ ይሆናል፤ ያኔ በ50 ሉክስ ውስጥ አንድ ሰማንያኛ ሰከንድ ያህል ይገኛል። ዋጋው ሁለት ነው፤ ጥርት የሚለው የክፍሉ ጥልቀት ይቀንሳል፣ በጥላው ውስጥ ደግሞ እንደ አሸዋ የሚረጭ ነቁጥ ይታያል። ሎው ኪ ምስል ከሞላ ጎደል ሁሉም ጥላ ስለሆነ ይህ ነቁጥ ከሌላው ምስል ይልቅ በእሱ ላይ ይጎላል።

ብዙ ሙዚየሞች ትራይፖድ ይከለክላሉ። ጎብኚ ይደናቀፍበታል፣ የቆየ የእንጨት ወለል ይጫራል፤ ክልከላው መሠረት አለው። ሥራዬ ብሎ የሚያነሳ ሰው አስቀድሞ ፈቃድ ጠይቆ ሙዚየሙ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት ወይም ከተዘጋ በኋላ ይገባል፤ የመቆሚያው እግሮችም ጎማ የለበሱ መሆን አለባቸው። ፈቃድ ያላገኘ ሰው ትከሻውን በር መቃን ላይ አስደግፎ፣ ክርኑን ከጎኑ አጣብቆ፣ ትንፋሹን አውጥቶ ሳይስብ በተከታታይ አምስት ስድስት ምስል ያነሳል፤ ከመካከላቸው አንዱ አብዛኛውን ጊዜ ጥርት ይላል። ማደገፊያው የሙዚየሙ ዕቃ እንዳይሆን መጠንቀቁ ግን የፎቶ አንሺው ፋንታ ነው።

ፍላሽ የሚከለከልበት ምክንያት ብዙ ሰው እንደሚያስበው ዕቃውን ወዲያው ስለሚያበላሽ ብቻ አይደለም። አንድ ብልጭታ የሚያደርሰው ጉዳት በእርግጥ እጅግ ትንሽ ነው፤ ጭንቀቱ በቀን ሺህ ጊዜ መብለጭለጩ፣ ሌሎችን ጎብኚዎች ማወኩም ጭምር ነው። ሎው ኪ ለሚያነሳ ሰው ግን ክልከላው ውለታ ነው። ከካሜራው ራስ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ብርሃን ከፊት ያለውን ነገር ያነጣዋል፣ ጥላውን ከዕቃው ጀርባ ይደብቀዋል፣ ከጎን የመጣውን ለስላሳ ብርሃን ይገድለዋል። ቅርጽ የሚነበበው ብርሃን ከጎን ሲመጣ ነው። ይህን ለማየት የሸክላ ማሰሮን ጠዋት በር ላይ አስቀምጦ ማየት ይበቃል።

ልኬቱ ላይ ካሜራው ራሱ ተቃዋሚ ሆኖ ይገኛል። የካሜራ መለኪያ ዓለም በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ናት ብሎ ነው የተሠራው። ጨለማ ክፍል ሲያይ «ብርሃን አነሰ» ብሎ ይገምትና ሹተሩን ያስረዝማል፤ ጥቁር የነበረው ግድግዳ ግራጫ ይሆናል፣ በመስኮቱ ዳር ያለው ሐውልት ደግሞ ነጭ ሆኖ ይቃጠላል። ስለዚህ ፎቶ አንሺው ካሜራው ከሚለው ከአንድ እስከ ሁለት ስቶፕ ዝቅ ያደርጋል፤ አንድ ስቶፕ መቀነስ ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው። የበለጠ አስተማማኙ መንገድ ግን መለኪያውን ወደ አንዲት ነጥብ አጥብቦ፣ በምስሉ ውስጥ ብሩህ መሆን ያለበትን ቦታ፣ ለምሳሌ የዕብነ በረዱን ግንባር፣ ብቻ መለካት ነው። ያ ቦታ ሳይቃጠል ብሩህ ሆኖ ከተያዘ የተቀረው በራሱ ክብደት ወደ ጥላ ይወድቃል።

በካሜራው ጀርባ ባለው ስክሪን መታመን ሌላው ወጥመድ ነው። በጨለማ ውስጥ ስክሪኑ ከእውነቱ በላይ ደማቅ መስሎ ይታያል። ፎቶ አንሺው «በጣም ጥሩ ወጣ» ብሎ ቤቱ ሲደርስ ጭቃ የመሰለ ምስል ያገኛል። ሂስቶግራም የሚባለው የብርሃን ስርጭት ግራፍ ግን በክፍሉ ጨለማ አይታለልም። በሎው ኪ ምስል ክምሩ ወደ ግራ ያጋደለ፣ ወደ ቀኝ ግን ቀጭን ጅራት ያለው ይሆናል። ጅራቱ ከሌለ ምስሉ የደበዘዘ ነው፤ ጅራቱ የቀኙን ግድግዳ ከመታ ብርሃኑ ተቃጥሏል።

በሶን ቤት ፎቶ አንሺን የሚፈትነው ሌላው ነገር የጣራ መስኮት ነው። በጉልላቱ ሥር ቆሞ ወደ ላይ ለሚያነሳ ሰው ከላይ ያለው ሰማይና ከታች ያለው የሬሳ ሣጥን በአንድ ምስል አይገቡም፤ ልዩነታቸው ካሜራው ከሚችለው ይበልጣል። በተለያየ ብርሃን ሦስት አራት ምስል አንስቶ በኮምፒውተር ማጣመር የተለመደ መፍትሔ ነው። ነገር ግን ይህ ዘዴ በልኩ ካልተያዘ ጥላውን ሁሉ ጎትቶ ያወጣና ክፍሉን የፋርማሲ መደርደሪያ ያስመስለዋል። የተሻለው መፍትሔ የሰዓት ምርጫ ነው። ፀሐይ ጠልቃ ሰማዩ ገና ጥልቅ ሰማያዊ በሆነበት ግማሽ ሰዓት ገደማ የውጭውና የውስጡ ብርሃን ይመጣጠናሉ፤ ያለ ምንም ማጣመር አንድ ምስል ይበቃል። ለንደን በክረምት ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ሳይሞላ መምሸት ትጀምራለች፤ ይህ ለፎቶ አንሺው ከሙዚየሙ መዝጊያ ሰዓት ጋር የሚገጣጠም ዕድል ነው።

ቀለሙም የራሱ ጣጣ አለው። የሻማ ብርሃን ቀለም 1,900 ኬልቪን፣ የድሮው አምፖል 2,700 ገደማ፣ የቀን ብርሃን 5,500 አካባቢ ነው። የሻማና የቀን ብርሃን በአንድ ክፍል ሲገናኙ አንደኛው ብርቱካናማ፣ ሌላው ሰማያዊ ይሆናል። ካሜራው በራሱ ፈቃድ ይህን ለማስተካከል ሲሞክር የሻማውን ሙቀት አጥቦ ያወጣዋል፤ ክፍሉ ሆስፒታል ይመስላል። ስለዚህ የቀለም ማስተካከያውን በእጅ ማሰር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በራው ፋይል ማንሳት ይመከራል፤ ራው ፋይል ስለ ቀለሙ ውሳኔውን ወደ ኋላ ለማዘግየት ያስችላል። ትንሽ ሙቀት መተው ስሕተት አይደለም። በሻማ የበራ ቤት ወረቀት የመሰለ ነጭ ግድግዳ ኖሮት አያውቅም። አዳዲሶቹ የኤልኢዲ መብራቶች ደግሞ ሌላ ፈተና ያመጣሉ፤ በ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ ላይ አንዳንዶቹ በሰከንድ መቶ ጊዜ ይርገበገባሉ። ዓይን ባያየውም ፈጣን ሹተር ምስሉን በአግድም ባለመስመር ያደርገዋል። ሹተሩን አንድ ሃምሳኛ ወይም አንድ መቶኛ ሰከንድ ላይ ማድረግ መስመሮቹን አብዛኛውን ጊዜ ያጠፋቸዋል።

ከመስታወት ሣጥን በስተጀርባ ያለ ዕቃ የሚያነሳ ሰው ከዕቃው በፊት ራሱን ያገኛል። ጥቁር ልብስ መልበስ፣ የካሜራውን ነጭ ጽሑፍ በጥቁር ፕላስተር መሸፈን፣ የሌንሱን ጎማ ከመስታወቱ ጋር ማስጠጋት ያረጁ ግን የማይከሽፉ ዘዴዎች ናቸው። ፖላራይዘር የሚባለው ማጣሪያ ከመስታወት ላይ የሚመለሰውን ነጸብራቅ በዘንበል አቅጣጫ ሲነሳ ብዙውን ያስወግዳል፤ ለዚህ ግን ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ስቶፕ ብርሃን ይበላል። በባዶ ብረት ላይ ያረፈ ነጸብራቅን አይነካም። መስቀል፣ ጽዋና ሰይፍ ለማንሳት የሚያዋጣው የካሜራውን ቦታ በጣት ስፋት መቀያየር ነው፤ ብረት እንደ መስተዋት ስለሚሠራ የሚታየው የብረቱ ቀለም ሳይሆን ከፊቱ ያለው ነገር ነው። ከፊቱ ጨለማ ካለ ጠርዙ ብቻ እንደ ክር ይበራል፤ ለሎው ኪ ከዚህ የበለጠ አይፈለግም።

በሶን የሥዕል ክፍል ይህ ሁሉ ፈተና በአንድ ቦታ ይሰበሰባል። የክፍሉ ስፋት አራት ሜትር ገደማ ነው፤ ሶን ግን ግድግዳዎቹን እንደ መዝጊያ በማጠፊያ እንዲከፈቱ አድርጎ ከመቶ በላይ ሥዕሎች ሰቅሎበታል። የዊልያም ሆጋርት ስምንቱ የአባካኝ ወጣት ሥዕሎች እዚያ ናቸው። ሰፊ ሌንስ ይዞ ሁሉንም ለመጨበጥ የሚታገል ሰው ጠርዙ የተንጋደደ ክፍልና ምንም የማይነበብበት የሥዕል ክምር ይወስዳል። ያ ሁሉ ክፈፍ ወደ ጥላ ሄዶ አንዱ ክፍት መዝጊያ ብቻ በጎን ብርሃን ሲያዝ ግን ተመልካቹ ክፍሉ እንዴት እንደሚሠራ ይገባዋል። ሎው ኪ የሚያስተምረው የመተው ጥበብ እንዲህ ባሉ ጠባብና ጭንቅንቅ ቦታዎች ላይ ይታያል።

በኢትዮጵያ ለዚህ ዓይነት ሥራ ቀድሞ የሚታሰበው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ነው። ሕንፃው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። በ1929 ዓ.ም. የካቲት 12 በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው በዚሁ ግቢ ነው፤ በ1953 ዓ.ም. ታኅሣሥ በተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ማብቂያ ላይ ታግተው የነበሩ ባለሥልጣናት የተገደሉትም በዚሁ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ሕንፃውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡት። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መኝታ ቤት ዛሬም እንደ ትርዒት ክፍል ይጎበኛል፤ በሌሎቹ ክፍሎች የሀገሪቱ ሕዝቦች መገልገያዎች፣ የሙዚቃ መሣሪያዎች፣ መስቀሎችና የሃይማኖት ሥዕሎች አሉ።

እዚህ ቦታ ላይ ግን ሎው ኪ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። ገነተ ልዑል የ20ኛው መቶ ዓመት ሕንፃ ነው፤ መብራት ነበረው። መኝታ ቤቱን በጨለማ ማንሳት እንደ ሶን ቤት የሠራውን ሰው ሐሳብ መከተል አይደለም፤ የፎቶ አንሺው ምርጫ ነው። ምርጫው ሊያስኬድ ይችላል፤ ባለቤቱ ያልተመለሰበት አልጋ በመስኮት ጭላንጭል ብቻ ሲታይ ባዶነቱን ይናገራል። ደም የፈሰሰበትን ቤት ታሪክ እያሰቡ ያለቦታው የተጋነነ ጥላ መደረብ ግን ለክፍሉ ያልነበረውን ድራማ መስጠት ነው። የሃይማኖት ሥዕሎቹ በተቃራኒው ጨለማን ያውቃሉ። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚታዩት በጧፍና በመስኮት ብርሃን ነበር፤ ወርቅማው ቢጫ ቀለም ከጥላ ሲወጣ ሠዓሊው ያሰበውን ሥራ ይሠራል። ሙዚየሙ ውስጥ እኩል በተረጨ መብራት የተነሳ ሥዕል መልኩን ያሳያል፤ ከጎን በአንድ ብርሃን የተነሳው ግን የብሩሹን ምት፣ የሸራውን መሸብሸብ፣ የተላጠውን ቀለም ጭምር ያሳያል። ለዚህም ነው የቅርስ ጥገና ባለሙያዎች ከውበት ጋር ግንኙነት በሌለው ሥራቸው ሳይቀር ከጎን በዝቅታ የሚመጣ ብርሃን የሚጠቀሙት።

ከተነሳ በኋላ የሚቀረው ሥራ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ከማጨለም ይልቅ ጥላውን ከፋፍሎ ማየት ይበዛበታል። ጥሩ ሎው ኪ ምስል ውስጥ ጥቁር አንድ አይደለም፤ የማሆጋኒው ጥቁር፣ የመጋረጃው ጥቁርና የበሩ ጀርባ ጥቁር ይለያያሉ። ሦስቱም ወደ አንድ ጥቁር ከተጨፈለቁ የምስሉ ግማሽ ባዶ ወረቀት ይሆናል። ስለዚህ ፍጹም ጥቁር የሚሆነው በጣም ጥቂት ቦታ ብቻ ነው፤ የተቀረው ሊታይ ትንሽ የቀረው ሆኖ ይተዋል። ከዚያ ዓይን እንዲያርፍባት የሚፈለገው ቦታ በጥቂቱ ይነሣል፣ ዳርና ዳሩ በጥቂቱ ይወርዳል። በፊልም ዘመን የጨለማ ክፍል አታሚዎች በእጃቸው መዳፍ ብርሃን እየከለሉ ያደርጉት የነበረው ይህንኑ ነው።

ኅትመቱ ላይ ብዙ ሥራ ይጠፋል። በደማቅ ስክሪን ላይ የተስተካከለ ምስል በወረቀት ላይ ከሚጠበቀው በላይ ጨልሞ ይወጣል፤ ስክሪን ራሱ ያበራል፣ ወረቀት ግን የተሰጠውን ብርሃን ብቻ ይመልሳል። ማት የሚባለው ደብዛዛ ወረቀት ጥላውን ወደ ጥቁር ግራጫ ይስበዋል፤ አንጸባራቂው ጥልቅ ጥቁር ይሰጣል፣ ግን የተመልካቹን ፊት ይመልሳል። በመካከላቸው ያለው ከፊል አንጸባራቂ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ይመረጣል። ትንሽ ናሙና አትሞ ምስሉ ወደሚሰቀልበት ክፍል ወስዶ ማየት ከማንኛውም ሶፍትዌር ይበልጣል። በሻማ ምሽት የተነሳ የሶን ጉልላት ምስል በደብዛዛ ሳሎን ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ከክፈፉ ውጭ የሚታይ ነገር አይኖረውም፤ ከላይ በኩል አንድ ትንሽ መብራት ሲበራለት ግን የዕብነ በረዱ ትከሻ፣ ከዚያ የሬሳ ሣጥኑ ጠርዝ፣ ቆይቶም በጥግ ያለችው ክብ መስተዋት አንድ በአንድ ይወጣሉ።